ወራጅ አለ! ከማይመስሉን ሰዎች ጋር በአንድ ትራክ ስለመንዳት

ቀን ቀን ሰው ሳመላልስ እውላለሁ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያና ዙሪያዋ፣ በካምሪ። ማታ እራቴን በልቼ ደግሞ ጆይስቲክ አነሳና እንደገና እነዳለሁ። ባለቤቴ «ዛሬ የረገጥከው ፍሬን አልበቃህም?» ትለኛለች። አልበቃኝም። ቀን የምነዳው ተሳፋሪው ወዳለኝ ነው። ማታ እኔ ወዳሻኝ።

የምጫወተው ግራን ቱሪስሞ 7 የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌም ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በፈረንጁ ማርች 2022 የወጣው። እሁድ እሁድ ሎቢ፣ ማለትም በኢንተርኔት ተገናኝተን የምንወዳደርበትን ክፍል፣ እከፍታለሁ፤ አሥራ ሁለት ያህል እንሆናለን። አብዛኞቻችን እዚሁ ዲሲ ዙሪያ ያለን ነን። አንዱ ፍራንክፈርት ነው፣ አንዷ ቴል አቪቭ አጠገብ ትኖራለች። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሎቢው ሦስቴ ለመፍረስ ደርሶ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ያጣላን አንድ ነገር ነው። አንዱ ለፍልሚያ የመጣበት ቦታ ሌላው ለሽርሽር መጥቷል፣ ይህን ደግሞ ማንም ቀድሞ አልጠየቀም።

ሎቢ ለመክፈት ያሰባችሁ፣ ወይም ከፍታችሁ ጭቅጭቁ ያንገሸገሻችሁ ካላችሁ፣ እኛ ጋ የሠራውን ላውጋችሁ።

መጀመሪያ፣ የት እንደተማረ ጠይቁት

እኔ የመኪና ጌም የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ውስጥ በነበረ ጌም ቤት ነው። ጠባብ ክፍል፣ አሮጌ ቲቪ፣ አግዳሚ ወንበር። ግራን ቱሪስሞ 2። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈልና ሁለት ሰው ይጋጠማል። ሕጉ አንዲት ናት፤ የተሸነፈ ይነሳል። ከኋላ አምስት ልጅ ወረፋ ይዟል። ኪስ ውስጥ ያለው የአንድ ጨዋታ ሳንቲም ነው። እስቲ በዚህ ሁኔታ ኩርባ ላይ ለባላጋራው ቦታ የሚለቅ ማን ነው? ጥበቡ ፍሬን መያዝ አልነበረም። ውጪ በኩል ያለውን መኪና እንደ ግድግዳ ተደግፎ መዞር ነበር። መኪናው ቢጋጭ ቆርቆሮው እንኳ አይጨማደድም። እንዲያ እየተገፋፋን አደግን።

የፍራንክፈርቱ ወንድማችን ደግሞ የተማረው አይሬሲንግ በሚባለው የመኪና ውድድር ጌም ላይ ነው፤ በኮምፒውተር፣ በመሪ። እዚያ ከትራክ ከወጣችሁ 1 የጥፋት ነጥብ ይያዝባችኋል። መኪናው ከእጃችሁ ካመለጠ 2። ከሌላ መኪና ጋር በኃይል ከተጋጫችሁ 4። ጥፋቱ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ገጪም ተገጪም እኩል ይቀጣል። በዚህ ቤት ያደገ ሰው ሌላ መኪና ሲጠጋው እሳት እንደነካው እጁን ይሰበስባል።

ሁለቱን አንድ ሎቢ ውስጥ ክተቷቸው። አንደኛው «ፈሪ ነው» ይላል፣ ሌላኛው «ባለጌ ነው» ይላል። ሁለቱም ግን እየነዱ ያሉት እንዳደጉበት ነው።

ስለዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ ቴሌግራም ላይ ሦስት ጥያቄ እልክለታለሁ። የት ተማርክ? በምን ትነዳለህ? እሁድ ምን ሆኖልህ ብትወጣ ደስ ይልሃል? ሦስተኛዋ ወርቅ ናት። «አንድ ሰው እንኳ በንጹሕ ባልፍ» ያለኝ አለ። «ሳልጋጭ ብጨርስ» ያለ አለ። «ልጆቹ ከተኙ በኋላ ትንሽ ልስቅ ነው የመጣሁት» ያለችም አለች። «ማሸነፍ» ብቻ ብሎ የመለሰልኝ አንድ ሰው ነው። እሱም አያሸንፍም፣ ነፍሱን ይማረውና። (በሕይወት አለ፤ እንደ አነዳዱ ነው ያልኩት።)

ይህን ጥያቄ መጠየቅ የጀመርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ያን ሰሞን ጌሙ ውስጥ ባለው የጀርመኑ ትራክ ኑርቡርክሪንግ ላይ ነበርን፤ ኖርድሽላይፈ በሚባለው ረጅሙ መንገዱ፣ አንድ ዙሩ 20.8 ኪሎ ሜትር። አንዲት መኪና ሣሩ ዳር ቆማለች። በሁለተኛው ዙር ስንመለስ እዚያው ናት። በሦስተኛው ወደ ትራኩ ገባችና በቀስታ መሄድ ጀመረች። ሁለት ሰው ሊገጫት ለጥቂት ተረፈ። ማይኩ ላይ ጩኸት ሆነ። እኔም ያለ አንድ ቃል ከሎቢው አስወጣኋት። ማታ ላይ መልእክት መጣልኝ። የቴል አቪቯ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ቀለም ስትቀባ የቆየችውን መኪና በእንቅስቃሴ ላይ ለማየትና ውድድሩ ተመልሶ ከሚታይበት ከሪፕሌዩ ፎቶ ለማውጣት ነበር የመጣችው። ፎቶውንም ላከችልኝ። በበሩ ላይ የጥበብ ቀሚስ ጥለት ከላይ እስከ ታች ወርዷል፤ እያንዳንዷ መስመር በእጅ የተሠራች። አንገቴን ደፋሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስትመለስም ለእሷ የሚሆን ሰዓት አበጀን። ዛሬ ግማሾቻችን የምንነዳው እሷ የቀባችውን መኪና ነው።

ሎቢው ራሱ ይናገር

ጠብ የሚመጣው ሰው ምን ቤት እንደገባ ሳያውቅ ሲገባ ነው። ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ የጾም ምግብ አለ ብሎ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። እኛም እሁዳችንን ከፋፈልነው። የመጀመሪያው ሰዓት «ሽርሽር» ይባላል። ሁለተኛው «የምር» ይባላል። የቀረችው ግማሽ ሰዓት ለድሪፍት (መኪናን ሆን ብሎ እያንሸራተቱ ለመንዳት)፣ ለፎቶና ለእብደት ናት። ስሙ ሎቢው መግለጫ ላይ ይጻፋል፤ በ«ሽርሽር» ሰዓት ገብቶ ለምን ቀስ ትላላችሁ የሚል ሰው ጽሑፉን አንብብ ይባላል።

ሰዓት ስትጽፉ ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ «እሁድ 9 ሰዓት» ብዬ ለጠፍኩ። የምለው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በሀበሻ። ፍራንክፈርት ከምሽቱ 3፣ ቴል አቪቭ 4። አንዱ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ በፈረንጅ አንብቦት ማታ መጣ። ባዶ ሎቢ ውስጥ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ዞሮ «ቀጣፊዎች» የሚል መልእክት ትቶልን ሄደ። አሁን ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ሴቲንጉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሰዎች «ጨዋ ሁኑ» ከሚለው ምክር ይልቅ የሎቢው ሴቲንግ የበለጠ ጨዋ ያደርጋቸዋል።

በ«ሽርሽር» ሰዓት የመኪና ጉዳትን አጠፋለሁ። ቡስት የሚባለውን እከፍታለሁ፤ ወደ ኋላ የቀረውን መኪና ጉልበት ጨምሮለት ወደ መንጋው ይመልሰዋል። ፈጣኖቹ ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ፣ የእነሱ ሰዓት ይመጣል። መኪኖች ሲነካኩ እንደ መንፈስ ተላልፈው የሚሄዱበትንም ሴቲንግ አበራለሁ። አዲስ ሰው መሀል ትራክ ላይ ቢሽከረከር ማንም አይገጨውም፣ ማንም አይሰድበውም። መኪናው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማዝዳ ሮድስተር። ቀላል ናት፣ ጉልበት የላትም፣ ስትንሸራተትም አስቀድማ ትነግራችኋለች።

በ«የምር» ሰዓት ቡስት ይጠፋል፣ ቀላል ጉዳት ይበራል፣ መንፈስነት ያበቃል። መኪና በምርጫ ነው፤ ግን ቢኦፒ ይከፈታል፤ የመኪኖቹን ክብደትና ጉልበት ጌሙ ራሱ የሚያመጣጥንበት መንገድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የጎማ መበላት። ይህቺን ብዙ ሰው አይነካትም፤ እኔ ግን ሎቢያችንን ያዳነችው እሷ ናት እላለሁ። የጎማውን መበላት አምስት እጥፍ ሳደርገው ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣው ልጅ በአሥረኛው ዙር በባዶ እግሩ በረዶ ላይ የቆመ መሰለ። ረጋ ብለው የሚነዱት እነዚያ «ፈሪ» የተባሉት አንድ በአንድ አለፉት። በዚያ ቀን የፍራንክፈርቱ አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ቀስ ብሎ ኩርባ የሚገባን ሰው ማንም ፈሪ ሲል አልሰማሁም።

የመነሻውን ረድፍ ደግሞ የባለፈውን ውድድር ውጤት ገልብጠን እንሠራዋለን። የመጨረሻው ከፊት ይነሳል። ፈጣኑ ማለፍ ይለማመዳል፣ ቀርፋፋው መከላከል ይለማመዳል።

ጌሙ የራሱ ዳኛ እንዳለው አውቃለሁ። ስፖርት የሚባለው ክፍል ውስጥ ስለ ትራክ ሥነ ምግባር የሚያስተምሩ ሁለት አጫጭር ቪዲዮ ሳታዩ አያስገባችሁም። ከዚያም ከኢ እስከ ኤስ የሚሄድ የጨዋነት ደረጃ ይሰጣችኋል። ጥሩ ነው። ግን ያ ፊደል ግጭት ይቆጥራል እንጂ ለምን እንደመጣችሁ አያውቅም። ደረጃው ኤስ ሆኖ ማይክ ላይ የሰው ጨጓራ የሚልጥ ሰው አጋጥሞኛል።

ኩርባው የማን ነው?

ሞንዛን ታውቁታላችሁ፤ የጣሊያኑ ትራክ። 5.793 ኪሎ ሜትር። ረጅሙ ቀጥታ ሲያልቅ መንገዱ ወደ ቀኝ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ግራ ይሰበራል። ጠባብ ነው፤ ወንፊት በሉት። አሥራ ሁለት መኪና በትልቅ ማርሽ እየጮኸ መጥቶ በሁለተኛ ማርሽ ይገባበታል።

ያ የጌም ቤቱ ሰው (እኔ አይደለሁም፣ ሌላ የመርካቶ ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤታችን ግን አንድ ነው) ከፍራንክፈርቱ ኋላ ነበር። የፍራንክፈርቱ ትራኩ ዳር ያለው ሰሌዳ ለኩርባው 150 ሜትር ቀረ ሲል ፍሬን ያዘ። የመርካቶው አልያዘም። ከውስጥ በኩል ሁለት መኪና የሚያስገባ ክፍት ቦታ ታየው። ገባ። የፊተኛው ደግሞ ማንም የለም ብሎ መሪውን አዞረ። ጓ! አንዱ አጥሩ ላይ ሌላው አሸዋው ውስጥ።

«ዘግተኸኝ ነው!»

«አንተ ፈረስ ነው እንዴ የምትጋልበው?»

አንድ ሳምንት አልተነጋገሩም። ሪፕሌዩን ሦስታችን አብረን አየነው፤ በአንዱም በሌላውም መኪና ካሜራ። የመርካቶው የፊት ጎማ የደረሰው የባላጋራው የኋላ ጎማ ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታው የእሱ አልነበረም። የፍራንክፈርቱም ከሌላው ሁሉ ሃያ ሜትር ቀድሞ ፍሬን ይዟል፣ ውስጡን ደግሞ ወለል አድርጎ ትቶታል። እንዲህ ክፍት በር ያየ የጌም ቤት ልጅ ሳይገባ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ በር የምትባል ሕግ አወጣን። ኩርባው ሲጀምር የፊት ጎማችሁ ከጎናችሁ ያለው መኪና የሹፌር በር ጋ ካልደረሰ ቦታው የእናንተ አይደለም፤ ልቀቁ። ከደረሰ ግን ያኛው ሰው አንድ መኪና የሚያስገባ ስፋት መተው አለበት፣ ቢወድም ባይወድም። አልፌ ገፍቼው ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለው ቀጥታ ላይ እግሬን አንስቼ ቦታውን እመልስለታለሁ። «መልስ» ነው የምንለው። አለቀ። ፍልሚያ የሚወደው ሰው ፍልሚያውን አላጣም፤ ንጽሕና የሚወደውም በር ላይ ሲደርሱበት ምን እንደሚጠብቀው አወቀ።

ዙር ተደርቦባችሁ ስትታለፉ ዘላችሁ አትውጡ። ብዙ አዲስ ሰው ትሑት ልሁን ብሎ ፈጣኑ መኪና ሲመጣ ድንገት ወደ ግራ ይሸሻል። ፈጣኑም በዚያው በግራ ሊያልፍ ነው የመጣው። መስመራችሁን ይዛችሁ በያዛችሁት ፍጥነት ሂዱ፤ መንገድ መፈለግ የሚያልፈው ሰው ሥራ ነው። እኔ በቀን ሥራዬም ያየሁት ይህንኑ ነው። አስፋልት ላይ የሚያስፈራኝ የሚያመነታው ነው፤ የሚሮጠውንማ ከሩቅ አየዋለሁ።

ኔትወርክም አለ። የፍራንክፈርቱ መኪና አንዳንዴ እኔ ስክሪን ላይ ትንቀጠቀጣለች። በእኔ ቲቪ ነክቶኛል፣ በእሱ ቲቪ ገና ግማሽ ሜትር ይቀረዋል። ከሩቅ አገር ከሚጫወት ሰው ጎን ስትሆኑ ግማሽ መኪና ጨምራችሁ ራቁ፤ ሰውየው ያልሠራውን አትክሰሱት።

አሁን ወደ «ወራጅ አለ» ልምጣ። አንድ ቀን አንዷ ጎማ ልትቀይር ወደ ፒት (ትራኩ ዳር ጎማና ነዳጅ ወደሚሞላበት ቦታ) ለመግባት ፍጥነቷን ቀነሰች። ከኋላዋ የነበረው አላወቀም፤ ገጫት። «ምነው ብትናገሪ!» ሲላት «ወራጅ አለ ልበል እንዴ?» አለች። ሁላችንም ፈነዳን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ፒት የሚገባ፣ ነዳጁ ያለቀ፣ በር የተንኳኳበት፣ ዳይፐር የሚቀይር ሁሉ ማይኩን ከፍቶ «ወራጅ አለ!» ይላል። ከኋላ ያለውም ምኑም ሳይነገረው ቦታ ይሰጣል። እንግሊዝኛው ብዙ ቃል ይፈልግ ነበር። እናንተም ሎቢያችሁ የሚስቅባት አንዲት ቃል ፈልጉ። ሰው በተቆጣ ድምፅ «ወራጅ አለ» ማለት አይችልም፤ ሞክሩት።

መሪ፣ ጆይስቲክ፣ ሰፌድ

ከእኛ አራቱ በመሪ ይነዳሉ። አንዱ ሎጂቴክ ጂ29 አለው፤ 900 ዲግሪ የሚዞር። የተቀረነው ጆይስቲክ ነን። አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ ጋሼ እንላቸዋለን፤ ስድሳን ያለፉ ናቸው። ብዙ ዓመት ጋራዥ ሠርተው የእጃቸው አንጓ ያማቸዋል። አውራ ጣታቸው የጆይስቲኩን ዱላ መግፋት አይችልም። ጌሙ ጆይስቲኩን ራሱን በማዘንበል መንዳት ይፈቅዳል። እሳቸው በሁለት እጃቸው ይዘውት ጤፍ እንደሚያበጥር ሰው ግራና ቀኝ ያንገዋልሉታል። የፍሬን እርዳታም ያበራሉ፤ የመንገዱን መስመር የሚያሳየውንም።

አንዱ ጎረምሳ «ይሄ መንዳት ነው? ጌሙ እኮ ነው የሚነዳላቸው» አለ። ማይኩ ክፍት ነበር። ጋሼ ሰሙ። ምንም አላሉም፤ ሁለት እሁድ ቀሩ።

ለልጁ በግል ደወልኩለትና እንዲህ አልኩት፦ አንተ የምትወዳቸው ጂቲ3 የሚባሉት የውድድር መኪኖች በእውነተኛው ዓለም ሲወዳደሩ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም፣ ነዳጅ ሲረገጥ ጎማው በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚያደርገው ትራክሽን ኮንትሮልም አላቸው። ደመወዝ የሚከፈለው ሹፌር እርዳታ እያበራ ነው የሚነዳው። አንተ ትራክሽን ኮንትሮልህን ዜሮ አድርገህ በየዙሩ ትሽከረከራለህ። ማን ነው የሚነዳው? ሳቀ። ለጋሼ ደወለላቸው። መጡ።

ይህን የምነግራችሁ ለወሬ ብቻ አይደለም፤ አነዳዱን ማወቅ ትራክ ላይ ይጠቅማል። መስመር እያየ የሚነዳ ሰው መስመሩ ሲቀላ ፍሬን ይይዛል፤ መስመሩ ደግሞ ቀድሞ የሚቀላ ፈሪ ነገር ነው። ከኋላው ከሆናችሁ አንድ መኪና የሚያህል ርቀት ጨምሩ። በጆይስቲክ የሚነዳ ሰው መኪናው ቶሎ ቶሎ ይወራጫል፤ ከጎኑ ስትሆኑ ትንሽ ራቁ። በመሪ የሚነዳው ለስላሳ ነው፤ አንዴ ከተንሸራተተ ግን እጁ እስኪዞር ጊዜ ይወስድበታል፤ ወዴት እንደሚሄድ እስክታዩ አትጠጉት። የጋሼ መኪና ደግሞ ቀጥታ ላይም ትንሽ ትወዛወዛለች። እሳቸውን የምናልፈው ሰፋ ባለ ቦታ ብቻ ነው።

ማይክ

የመጀመሪያውን ዙር ዝም እንላለን። ሁሉም ተፋፍጎ የሚሄድበት ነው፤ አንድ ሰው ከጮኸ ሁሉም ይደነግጣል። ከዚያ በኋላ «ቀኝ ነኝ»፣ «ግራ ነኝ»፣ «እለፍ»፣ «ወራጅ አለ»። የገጨ «ይቅርታ» ይላል፤ አንዲት ቃል ትበቃለች፣ ማብራሪያ አያስፈልግም። የተገጨ ሰው ሪፕሌይ ሳያይ «ሆን ብለህ ነው» ማለት አይችልም። ይህቺ ሕግ ብቻዋን ግማሹን ጠብ አስቀርታለች፤ ሪፕሌዩን ካዩት ሰዎች ብዙዎቹ ተመልሰው የሚመጡት አንገታቸውን ደፍተው ነው።

አክብሮት በአፍ ብቻ እንዳይሆን ግን። አንዱ ጋሼን «ጋሼ ይቅርታ፣ በግራ እየመጣሁብዎት ነው» ብሎ በ«እርስዎ» አናግሮ በዚያው አፍታ ወደ አሸዋ ገፍቷቸዋል። ጋሼም «እግዚአብሔር ይስጥህ የኔ ልጅ፣ በትሕትና ነው የገደልከኝ» አሉት።

ማይክ የማይከፍቱ ሰዎችም አሉ። አጠገቡ ሕፃን የተኛ አለ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያነሳ የዋለ አለ። ዝምታቸውን እንደ ኩራት አትቁጠሩት። በመብራት ያናግራሉ፤ ሁለቴ ብልጭ ካደረጉ «እለፍ» ማለት ነው።

ፖለቲካ ትራክ ዳር ይቆማል። ለምን እንደሆነ የሀበሻ ግሩፕ ውስጥ ለነበረ ሰው አላስረዳም።

ስታይል ያልሆነው

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ማሪዮ ካርት ትጫወታለች። መጨረሻው መስመር ጋ ልደርስ ስል አንደኛ ያለውን ሰው ፈልጋ የምትመታዋን ሰማያዊ የኤሊ ልባስ ትልክብኛለች፣ እኔ ስገለበጥ እሷ እየሳቀች ታልፋለች። እዚያ መምታት ጨዋታው ራሱ ነው። ያንኑ ነገር ሞንዛ ላይ ብታደርጉት ስድብ ነው። ስለዚህ «ይሄ የኔ ስታይል ነው» የሚል ሰው ሲመጣ፣ የየትኛው ጌም ስታይል ነው ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ገፍቶ አንድ ቦታ ያገኘ ሰው ያልተገራ ነው፤ ሕጉን ይማራል። የራሱን ውድድር ጥሎ አንድ ሰው ለመምታት ብቻ ተገልብጦ የጠበቀ ግን ቂም ይዟል። እንዲህ ያለ ሰው ገጠመን። መጀመሪያ በግል ጻፍኩለት፣ ሰው ፊት አላዋረድኩትም። አንድ እሁድ እንዲያርፍ ነገርኩት። ተመልሶም ደገመው። አስወጣሁት፤ ግን ሬክፌስት የሚባለውን ጌም ጠቆምኩት። እዚያ መጋጨት ያሸልማል፤ በሣር ማጨጃ ላይ ተቀምጦ ሰው መግጨት ሁሉ አለ። ልጁ ቤቱን አገኘ። አሁን በወር አንዴ እሱ ይጋብዘንና እዚያ ሄደን አጥንታችንን ይሰብረናል። የፍራንክፈርቱ እዚያ ሲገባ የሚጮኸውን ጩኸት ብትሰሙት።

የፊታችን እሁድ የእብደቷ ግማሽ ሰዓት ተያዘች። ጌሙ ውስጥ የቶዮታ አምቡላንስ አለ፤ ሂሜዲክ ይባላል፣ አካሉ የኛው ሀያስ ነው። የቴል አቪቯ እህታችን ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ ቀብታ የአዲስ አበባ ሚኒባስ አድርጋዋለች። ጃፓን ባለው ትሱኩባ ላይ፣ ሁለት ኪሎ ሜትርን ትንሽ ባለፈ አጭር ትራክ፣ አሥራ ሁለት ሚኒባስ አምስት ዙር። ጋሼ ከፊት ይነሳሉ። የመርካቶው ልጅ አይነዳም፤ ማይኩን ይዞ ረዳት ሊሆን ነው። ከአሁኑ ድምፁን እየሞረደ ነው፤ ትናንት ማታ ቴሌግራም ላይ የላከው የድምፅ መልእክት «ፒያሳ! አራት ኪሎ! አንድ ሰው የሞላ! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል።